የክርስትና ስም የጠየቀው ጌም

«የክርስትና ስምህን ስጠው እንጂ! በዓለም ስም ይጸለያል እንዴ?» አሉት እትዬ አልጣሽ።

አለምነህ በሳሉ መሃል ሳቀ። «እማዬ፣ ጌም ነው። ስም አስገባ ነው የሚለኝ።»

«ስም የሚቀበለው የገዳሙ ሰው መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ወልደ ሚካኤል ብለህ ጻፍ!»

እሳቸውን ለማስደሰት ጻፈው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ይህን ነገር ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርሁ። ግን በዓይኔ አየሁት። ደባርቅ፣ 2009 ዓ.ም.፣ ሐምሌ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጉሙ እንደ ወረደ ቀርቷል... ደጃፍህ ላይ ቆመህ የገዛ አጥርህን አታየውም።

አለምነህ ጎረቤቴ ነው። ቱሪስት ተከትሎ ስሜን ተራራ የሚወጣ አብሳይ። ክረምት ሲገባ ሥራ የለም፤ በዚያ ላይ ሳል ጥሎታል። አንድ ፈረንጅ ካምፕ ላይ በእጁ ይዞ የሚጫወትባት የጌም ማሽን ልቡን ወስዳው ነው የወረደው። ሞባይል ቤት ያለው ያርጋል፣ «ማሽኑን ምን ታደርገዋለህ? ስልክህን እንደሱ የሚያደርግ ኢሙሌተር አለ» ብሎ ጫነለት።

እናትየው ደግሞ ለታመመ ሰው ጸሎት ሲያስይዙ ስሙን ለገዳም በስልክ መንገር ለምደዋል። ስልክ ስም ጠየቀ ሲባል ሌላ ምን ይምጣባቸው?

የክርስትና ስም እኛ ዘንድ ለማንም አይሰጥም። ክፉ እጅ ከገባ ይሠራበታል።

ጌሙ ውስጥ አንድ ትንሽ ሰውዬ አለ። ፊት የለውም። የዚያን ዕለት ዝም ብሎ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ይራመዳል።

«ጎበዝ ሆንህ እኮ!» አልሁት።

«እኔ አልነካሁትም... ጋሼ ዋሴ» አለኝ በሹክሹክታ።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው በበረታ ቁጥር አለምነህ ይደክም ጀመር። ሰውዬው ሲሮጥ፣ አልጋ ላይ የተኛው ያለከልካል።

አንድ ቀን ሰውዬው አንዲት ቤት ገባ። አልጋ አለ። አልጋው አጠገብ በርጩማ። በርጩማው ላይ ቆብ ያደረገ ሰው ተቀምጧል...

ቆቤን በእጄ ዳሰስሁ።

«ጋሼ... ለያርጋል ውሰድለት። ያጥፋው። ሳይጨርሰኝ።»

ጋቢውን እስከ አንገቱ አለበስሁትና ስልኩን ይዤ ወጣሁ። እትዬ አልጣሽ ደጅ እንጨት ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩና ወደ እንጨታቸው ተመለሱ።

ያርጋል ሁለት ወንበር አወጣ። ባንዱ ተቀመጥሁ። ሌላውን ለሚመጣ ደንበኛ ነው ብዬ ተውሁት።

ስልኩን አገላበጠ። «ይህን ጌም ማን ጫነው?»

«አንተ ነህ እንጂ!»

«እኔ የጫንሁት ኢሙሌተሩን ብቻ ነው። ካሴት የሌለው ቴፕ በለው። ጌሙን በኋላ እንጭናለን ተባብለን ነበር... ውስጡ ባዶ ነው መሆን ያለበት።»

ሰውዬው እስከ ስልኩ መስታወት ድረስ ቀርቧል። ፊት የለውም ብያችሁ ነበር... አሁን አፍ አውጥቷል። ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፅ የለውም።

«አጥፋው» አልሁ።

ያርጋል ከጎኔ ያለውን ወንበር አየት አደረገ። «እሱም ተስማምቷል?»

ስለ ሰውዬው የሚቀልድ መሰለኝ። «አጥፋው አልሁህ!»

ነካ አደረገው። ጠፋ።

እፎይ ብዬ ተመለስሁ። አለምነህን፣ «ከእንግዲህ ሳልህን በማን ልታሳብብ ነው?» እለዋለሁ እያልሁ ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ።

አልጋው ላይ ማንም የለም።

ጋቢው ግን እንዳለበስሁት ነው። አልተገለጠም። ደረትና ጉልበት እንደ ያዘ ከፍ ብሎ ቆሟል... ከሥሩ ባዶ።

ሮጬ ወጣሁ። ጭቃው ላይ የቦቲዬ ዱካ አለ። ከጎኑ የባዶ እግር ዱካ። ሁለቱም ወደ ውጭ ይሄዳሉ።

የተመለሰው ቦቲው ብቻ ነው።

«እትዬ... አለምነህ የት ሄደ?»

እትዬ አልጣሽ ከእንጨታቸው ቀና እንኳ አላሉም።

«ደግፈህ ይዘኸው ወጥተህ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?»