ከላብራቶሪው በር እስከ አልጋው

ሀብትነሽ የሞተችው ክንዷ ላይ የተሰካው ደም ገና ሳያልቅ ነው። በሰላም ተገላግላ ነበር፤ ከወለደች በኋላ ግን ደሟ አልቆም አለና ደም እንዲሰጣት ታዘዘ። ብዙ ሳይቆይ አንቀጠቀጣት፣ ሽንቷ ቀላ፣ ትንፋሿ ተቆረጠ። ፖሊስ የጠራው ባሏ ስመኘው ነው።

«የማይሆናትን ደም ሰጥተው ገደሏት» አለ በስልክ።

ኢንስፔክተር ሰብለ ከፍኖተ ሰላም ተነስታ ቡሬ መዳረሻ ላይ ያለው ንጋት ኮከብ የግል ሆስፒታል ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልጋው ላይ ነበር። ከሟቿ ፊት አስቀድማ ያየችው የደም ከረጢቱን ነው። ግማሹ አልፈሰሰም። የተለጠፈበት ወረቀት ጠርዙ ተልጦ ጽሑፉ ደብዝዟል።

«ይሄን ማንም እንዳይነካ» አለች።

የክፍሉ ነርስ ባምላኩ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«የደም ዓይነት ስህተት ነው፣ ኢንስፔክተር። ምልክቱ ግልጽ ነው። የለጋሹን ደም ከእሷ ጋር ያዛመደችው ሰርተፊኬት የሌላት ልጅ ናት። ሥርጉት ትባላለች።»

«አንተስ ምን አደረግህ?»

«ከላብራቶሪ ተቀበልኩ፣ ሰቀልኩ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው ነዋ። ደም ለሚፈሳት ሰው ይቆያል እንዴ?»

ሥርጉት ላብራቶሪው ውስጥ ጓንቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ ነበር። ዲግሪዋን ይዛለች፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አልፋለች፤ የቀራት የደም ባንክ ባለሙያነት ሰርተፊኬት ነው። እሱን እስክታገኝ ድረስ የለጋሽንና የታካሚን ደም የምታዛምደው ሰርተፊኬት ያለው ሰው አጠገቧ ቆሞ ሲያያት ብቻ ነው። የመጨረሻው የተግባር ፈተና ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ነው። ከቀረች ልምምዱን እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች።

«እሱን ለእኔ ተይው። ማን አጠገብሽ ነበር?»

«ማንም። ጋሽ ገነነ ተዝካር ሄደው ነበር። ሴትዮዋ እየደማች እንዴት ልጠብቃቸው?»

«ስታዛምጂው ምን አየሽ?»

«ሁለቱም ቢ ፖዘቲቭ ናቸው። ሳዋህዳቸውም አልተጓጎለም። ግን ሞተች። ስለዚህ ተሳስቻለሁ።»

«ይሄ ጸጸት ነው፤ ማስረጃ አይደለም።»

የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ ገነነ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጠላ ጠላ ይሸታሉ።

«አጠገቧ ነበሩ?»

«እንግዲህ... ብዙም አልራቅሁም።»

«ተዝካሩ የት ነበር?»

«ከወንዙ ማዶ።»

ሰብለ ሌላ ጠየቀች፦ «ከዚያ ከረጢት እዚህ የቀረ ደም አለ?»

«አለ። ከከረጢቱ ጋር የተያያዘች ቀጭን ቱቦ ተቆርጣ ፍሪጅ ትቀመጣለች። ያው ደም ነው።»

ሰብለ ወደ አልጋው ተመለሰች። የሟቿ እናት እማማ ወለተ ሐና አላለቀሱም። ሰብለ ስትጠይቃቸውም የልጃቸውን እጅ እንደያዙ ነበር የመለሱት።

«ደሙ ሲሰጣት የት ነበሩ፣ እማማ?»

«የት እሄዳለሁ ልጄ? እጇን ይዤ ነበር። ያ ቀጭኑ ቱቦ መዳፌን ሲነካኝ ሞቅ ይላል፣ እንደ ገላ። ተመስገን አልኩ። አራስ ናት፣ ብርድ እንዳይገባት ፈርቼ ነበር።»

ሰብለ ተነሳች። «ሁላችሁም ላብራቶሪ ኑ።»

ክፍሉ ለስድስት ሰው ጠበበ። ሰብለ ገነነን ከከረጢቱ የተረፈውንና ፍሪጅ የነበረውን ደም በየጠርሙሱ አድርገው ሴሉን ከውሃው በሚለየው ማሽን ላይ እንዲያሽከረክሩት አዘዘች። ሲቆም የፍሪጁ ደም ላይኛው ውሃው ቢጫ፣ የከረጢቱ ደግሞ ቀይ ሆኖ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ስመኘው።

«በከረጢቱ ውስጥ ያለው ደም ሴሎቹ ፈንድተዋል» አለች ሰብለ። «የደም ዓይነት ቢሳሳት ደሙ የሚበላሸው ገላ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ይሄ ግን ገና ከረጢቱ ውስጥ እያለ ተበላሽቷል። ልክ ነኝ፣ ጋሽ ገነነ?»

«ልክ ነሽ። ዓይነቱንም ደግሜ አየሁት፤ ሥርጉት አልተሳሳተችም። እኔም አጠገቧ ስለነበርኩ...»

«ጠላው ሌላ ይላል፣ ጋሼ።»

ገነነ አንገታቸውን ደፉ።

«ደሙ ከላብራቶሪ ሲወጣ ደህና ነበር» ብላ ቀጠለች። «አልጋው ጋ ሲደርስ ተበላሽቷል። በመሃል የያዘው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ወዲያው ሰቀልኩት ይላል። ከፍሪጅ የወጣ ደም ወዲያው ቢሰቀል ቱቦው ይቀዘቅዛል፤ እማማ ግን ሙቅ ነበር አሉ። የሚደብቁት ነገር ቢኖር ይሄን አይነግሩኝም ነበር። የከረጢቱ ወረቀት ደግሞ ተልጧል። ውሃ ነክቶታል፤ የፈላ ውሃ። ባምላኩ፣ የነርሶች ክፍል ማንቆርቆሪያ አለ አይደል?»

ባምላኩ ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ስመኘው ቆሟል።

«እሳቸው ናቸው!» ብሎ ወደ እናትየዋ እያመለከተ ጮኸ። «ከረጢቱን ዳስሰው "በረዶ ልትሰድባት ነው ወይ" አሉኝ። ሳፋ ውስጥ በፈላ ውሃ ነው ያሞቅሁት። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም!»

«ብያለሁ» አሉ ወለተ ሐና በቀስታ። «ያልኩስ እኔ ነኝ።»

«እሳቸው እናት ናቸው፤ አንተ ነርስ ነህ» አለች ሰብለ። «ያጠፋኸውን እያወቅህ ደግሞ በዚህች ልጅ አሳበብህ።»

«ጠይቄያት ነበር! ደም እንዴት ይሞቃል ብዬ በዚያ መስኮት ጠይቄያታለሁ። ምን እንዳለችኝ ትናገር!»

ሰብለ ዞረች። ይሄኛውን አላወቀችም ነበር።

«እውነት ነው?»

ሥርጉት ጓንቷን አወለቀች። «ሁልጊዜ "ሰርተፊኬት የለሽ" እያለ ይስቅብኛል። በሰው ፊት ነው የሚለኝ። እናም "ሰርተፊኬት ያላቸውን ጠይቅ" አልኩና መስኮቱን ዘጋሁበት።»

«መልሱን ታውቂው ነበር?»

«የፈላ ውሃ ውስጥ ደም አይነከርም። ለፈተናው አጥንቼዋለሁ።»

ሰብለ ባምላኩን አብሯት ለመጣው ፖሊስ አስረከበች፤ ሥርጉትን ግን የምትከስበት ሕግ አልነበራትም። ብትፈልግ መሄድ እንደምትችል ነገረቻት። ሥርጉት አልተነቃነቀችም።

እማማ ወለተ ሐና ፊቷ መጥተው ቆሙ።

«ብትነግሪው ልጄ ትተርፍ ነበር?»

ሥርጉት ሰብለን አየቻት፤ ከእሷ የሚገኝ እርዳታ አልነበረም።

«አዎ፣ እማማ።»

እማማ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ።

«ተነሺ። ከአገራችን ከማንኩሳ ሴት እስኪመጣልኝ አልጠብቅም። አብረሽኝ አጥበሽ፣ አብረሽኝ ገንዘሽ፣ አብረሽኝ ትወስጃታለሽ።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ሚኒባስ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ። ረዳቱ ሥርጉትን በስሟ ተጣራ፤ ወንበር አስይዛ ነበር። እሷ ስመኘው ያመጣው አይሱዙ ላይ፣ ከተገነዘው አስከሬን አጠገብ ተቀምጣለች። አይሱዙው ወደ ማንኩሳ ዞረ።