አሥራ ስድስት ገጽ

ማክሰኞ፣ መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። ልጅቷ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ እንዳንጠለጠለች በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ አያቷ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። መነጽራቸው ተወልውሏል። ነጩን ሸሚዝ ለብሰዋል። የአንገቱንም ቁልፍ ቆልፈዋል።

ያ ቁልፍ የሚቆለፈው ለቁም ነገር ብቻ ነው። ፎቶ ሲነሡ፣ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ፣ ደንበኛ ከበድ ያለ ሥራ ይዞ ሲመጣ። ካለፉት አምስት ሳምንታት ወዲህ ደግሞ፣ የልጃቸው ልጅ ከትምህርት ቤት በምትመለስበት ሰዓት።

«እሺ፣ ጸሐፊዋ» አሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። «የዛሬውስ እንዴት ነው? ልናገር ወይስ ቁልፌን ልፍታው?»

«አባባ፣ ዛሬማ በድካም ሞቻለሁ። ሁለት ፈተና ነበረን። ነገ ግን በእርግጠኝነት።»

«በእርግጠኝነት» ብለው ደገሙላት። አልተቆጡም። አገጫቸውን ቀና አድርገው ቁልፏን ፈቱ። «ትናንትም በእርግጠኝነት ነበር እኮ። እርግጠኝነትሽ በዛብኝ።»

ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ሁለት ፈተና አልነበረም። አንዱ ለሐሙስ ተላልፏል፤ ሌላው አሥር ደቂቃ እንኳ ያልፈጀ የቃል ጥያቄ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው የካቲት ሰባት ቀን ነው። የታሪክ መምህሩ ክፍል ገብተው «እያንዳንዳችሁ የእጅ ሙያ ያለው አንድ ሰው ጠይቃችሁ ታሪኩን ጻፉ። አሥራ ስድስት ገጽ። አንድ ወር ተኩል ሰጥቻችኋለሁ» አሉ። ልጅቷ ሰው ፍለጋ መሄድ አላስፈለጋትም። አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። ጉልበታቸው ከደከመ በኋላ ሱቁን ዘግተው ዕቃቸውን ወደ ሳሎኑ ጥግ አመጡት፤ የብረት መጭመቂያው፣ ወስፌው፣ ሰም የተቀባው ክር፣ የኮላው ቆርቆሮ፣ ሁሉም እዚያ ነው። እናቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቅርታ፣ የምንኖረው ሱቅ ውስጥ ነው» እያለች ትቀልዳለች።

አያቷ ወሬውን ሲሰሙ በደስታ የሚያደርጉትን አጡ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አራት ትልልቅ ሉክ ወረቀት ለሁለት አጥፈው ጠበቋት።

«ነይ ተመልከቺ» አሉ። «አራት ሉክ ሲታጠፍ ስምንት ቅጠል ነው። ስምንት ቅጠል ማለት አሥራ ስድስት ገጽ። መምህርሽ ያሉት ቁጥር። ልክክ!»

መካከሉን በወስፌ በሱት፤ ክሩን በአንደኛው ቀዳዳ አስገብተው በሌላው አወጡት፤ እንደገና መለሱት። ወፍራም ሰማያዊ ልባስ አለበሱት። ከዚያ ለሠሩለት ሁሉ ሲሉት የኖሩትን ለእሷም አሏት፦

«ልብ በዪ፣ የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ቅጠል አንድ ወረቀት ናቸው። ፊተኛዋን ከቀደድሽ ኋለኛዋም ትወልቃለች። ስለዚህ አስበሽ ጻፊ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «እሺ» ብሎ ይረሳው ነበር። እሷ ግን አልረሳችውም።

ስድስተኛ ክፍል ሳለች የጻፈችው ድርሰት በሰልፍ ላይ፣ በድምፅ ማጉያ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ተነቦ ነበር። «ጸሐፊዋ» የሚለው ስም የወጣላት ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስሙ እንደ አዲስ ጫማ አኮራት። ቆይቶ ጣቷን ይይዛት ጀመር። ከዚያ ወዲህ የጻፈችው ነገር ሁሉ ለራሷ ስታነበው የሌላ፣ የሰነፍ ልጅ ጽሑፍ ይመስላታል። የአያቷ ታሪክ ግን እንደዚያኛው መሆን አለበት። ከዚያኛውም መብለጥ አለበት። ከጭንቅላቷ ሳይወጣ እንከን የለውም፤ ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ማን ያውቃል?

እናም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ደብተሩን ከፊቷ ታስቀምጣለች። ከዚያ እርሳስ ትቀርጻለች። የተቀረጸውን እንደገና ትቀርጻለች። ጠረጴዛው አቧራ ያለበት ይመስላትና ትወለውላለች። እናቷ አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብታ ካልሲ ስታጥብ አገኘቻትና «ደግሞ ምን ነካሽ? ብለምንሽ የማትነኪውን ካልሲ ዛሬ በፈቃድሽ?» አለቻት። ቤቱ እንደ እነዚያ አምስት ሳምንታት ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

የሠራችው ነገር ቢኖር አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ በቁራጭ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ። ዘጠነኛው ጥያቄ ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ በክር ታስሮ ስለተቀመጠው መጽሐፍ ነበር። ልባስ የለውም፤ ጥርዙ ተፈትቷል፤ ልጅቷ ነፍስ ካወቀችበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ነው። አያቷ የሰውን ሥራ ሳይጨርሱ አሳድረው አያውቁም። ይኼኛው ብቻ ቀርቷል።

አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ፣ ጫማዋን እያሰረች «አባባ፣ ያኛው መጽሐፍ ግን የማን ነው?» ብላቸው ነበር።

አያቷ ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ። «እሱማ እንዲህ በቁም የሚነገር አይደለም» አሉ። «ለቃለ መጠይቁ አስቀምጪው። ተቀምጠሽ፣ ብዕር ይዘሽ። ያኔ እነግርሻለሁ፤ ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።»

በአራተኛው ሳምንት አያቷ ሥራው የት እንደደረሰ ጠየቋት። «ጀምሬያለሁ» አለች፣ ሳታስበው። «መግቢያውን ጽፌያለሁ። ሦስት ገጽ ሆነ።»

«ተይ! ሦስት ገጽ?» አሉና ፊታቸው በራ። «እኔ ደግሞ ጆሮዬ ከዳኝ ማለት ነው። አዲስ ጥራዝ መጀመሪያ ሲከፈት ቋ ይላል እኮ፣ ኮላው ሲላቀቅ። ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ሳዳምጥ ነበር። አልሰማሁትም።»

«ትምህርት ቤት ነው የከፈትኩት» አለች።

ደብተሩ ቦርሳዋ ውስጥ፣ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ነበር። አንድም ቀን አልተከፈተም።

እሮብ፣ መጋቢት አሥራ ሦስት ቀን፣ በዚያው በአሥር ሰዓት ከሩብ ወንበሩ ባዶ ነበር። የጎረቤት ሴትዮ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አይዞሽ፣ እናትሽ አብራቸው ሆስፒታል ሄዳለች» አሏት። ከቀትር በኋላ ሸሚዝ ለመለወጥ ሲነሡ ነው የወደቁት። የቤት ሸሚዛቸው ግማሽ እጅጌው እንደተገለበጠ አልጋው ላይ ተጥሏል። ነጩ ሸሚዝ መሬት ላይ ነበር።

ሐሙስ ሆስፒታል ስትሄድ ደብተሩንና የጥያቄዎቹን ቁራጭ ወረቀት ይዛ ነበር። ለምን እንደያዘችው ራሷም አታውቅም። እናቷ ኮሪደሩ ላይ ያዝ አደረገቻት። «የቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። መናገርም አይችሉም። ግን ይሰማሉ፤ አውሪያቸው እሺ? እንዳታለቅሺ።»

አላለቀሰችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የአያቷ ፊት ግማሹ የሚያውቃት፣ ግማሹ የማያውቃት ይመስል ነበር። አፋቸውን ለመክፈት ሞከሩ፤ የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ከዚያ ዓይናቸው ጭኗ ላይ ያለውን ሰማያዊ ልባስ አየ። ግራ እጃቸውን ዘረጉ።

ሰጠቻቸው። ምን ታድርግ?

ደብተሩን ደረታቸው ላይ አስቀመጡት። በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ዳበሱ፤ የሠሩትን ሥራ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚመረምሩት። ከዚያ ጣታቸውን ከልባሱ ሥር አስገብተው ከፈቱት።

ቋ አለ።

ትንሽ ድምፅ ናት። ከሚቀጥለው አልጋ አትሰማም። ሁለቱ ግን ሰሟት። አያቷ የመጀመሪያውን ገጽ አዩት፤ ነጭ ነው። ሁለተኛውን ገለጡ፤ ነጭ ነው። ሦስተኛውን አልገለጡም። «አባባ፣ እኔ…» አለች ልጅቷ።

አያቷ ደብተሩን ዘጉት። ግራ እጃቸው ቀስ ብላ ወደ አንገታቸው ወጣች። ጣታቸው የሆስፒታሉን ልብስ ከወዲህ ወዲያ እየዳበሰች አንድ ነገር ትፈልጋለች፤ አታገኝም፤ እንደገና ትፈልጋለች። ልጅቷ መጀመሪያ ያፈናቸው መስሏት ደነገጠች። ቆይቶ ነው የገባት። የአንገት ቁልፋቸውን እየፈለጉ ነበር።

ነርሷ መጥታ «የመጠየቂያ ሰዓት አልቋል፤ ይረፉ» አለች። ልጅቷ ደብተሩን አንሥታ ቆመች፤ ከአፏም አምስት ሳምንት ሙሉ የለመደችው ቃል ራሱን ችሎ ወጣ።

«ነገ እመጣለሁ፣ አባባ።»

ዓርብ ጠያቂ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ብሶባቸው ነበር። ቅዳሜም እንደዚያው። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሞቱ።

ማክሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ መምህሩ ከክፍል ውጭ ጠርተው አነጋገሯት። ደግ ሰው ናቸው። «ስለ ሥራው እንዳታስቢ» አሏት። «ለሌሎቹ ዓርብ ነው፤ ለአንቺ ግን ቀን አልቆርጥም። ሲመችሽ አምጪው።»

አመስግና ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን «ሲመችሽ» የምትለዋን ቃል ለራሷ ደገመቻት። ያን ቀን አሳምራ ታውቀዋለች። እንደማይመጣ ታውቃለች።

ጓደኛዋ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላ ነበር። ማንኛውንም የቤት ሥራ ከሁሉ ቀድማ ስለምትጨርስ ክፍሉ ሁሉ «ሮኬት» ይላታል።

«ምን አሉሽ?»

«ሲመችሽ አሉኝ።»

«አሪፍ ነዋ! ግን እውነቴን ነው፣ አታካብጂው። አያትሽ ናቸው፤ ከአንቺ በላይ ማን ያውቃቸዋል? ዝም ብለሽ ጻፊ። እኔ አክስቴን ሁለት ጥያቄ ጠየቅኋት፤ የቀረውን ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት። በሰባት ዓመቷ የስፌት መኪናው መርፌ ጣቷን በሳው፤ ደም በደም እየሆነች ልብሱን ጨረሰች ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«በሳት እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ማን ሄዶ ጣቷን ያያል?» አለችና ብስኩቱን ዘረጋችላት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ደግሞ… አሁን እኮ ‹እንዲህ አላልኩም› የሚልሽ የለም» አለች።

ለክፋት አልነበረም። ሮኬት ክፉ አይደለችም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓረፍተ ነገሮቹ መምጣት ጀመሩ። በክር የታሰረው መጽሐፍ የማን እንደሆነ፣ ማን አምጥቶት እንደነበር፣ ባለቤቱ ለምን እንዳልተመለሰ፣ አያቷ ለምን ሊጨርሱት እንዳልደፈሩ። አምስት ሳምንት እምቢ ያሏት ቃላት ተሰልፈው መጡ። ውብ ነበሩ። በድምፅ ማጉያ ሲነበቡ ሁሉ ተሰማት። ቤቷ እስክትደርስ ታሪኩ አልቆ ነበር፤ አንድ ጥፋት ብቻ ነበረበት፤ ማንም የነገራት አልነበረም።

ሐሙስ በአሥር ሰዓት ከሩብ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቷ ወጥ ቤት ነበረች። ደብተሩን ከፈተችው። አሁን ድምፅ አላሰማም።

«አያቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ» ብላ ጻፈች።

አየችው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚጽፈው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነበር። ከዚህም ብሶ «ጠራዥ» የሚለው ላይ እጇ አርፎ ቀለሙን አበላሽቶታል። ሳታስበው የገጹን ጠርዝ ይዛ ሳብ አደረገችው። ከደብተሩ መጨረሻ ኋለኛዋ ቅጠል አብራ ተንቀሳቀሰች።

ለቀቀችው። ጽሑፉንም አልሰረዘችውም።

ከሥሩ እንዲህ ስትል ቀጠለች፦ «አሥራ ሁለት ጥያቄ አዘጋጅቼላቸው ነበር። አንዱንም ተቀምጬ አልጠየቅኋቸውም። ጊዜ አጥቼ አይደለም። እንዳላበላሸው ፈርቼ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ የአንገት ቁልፋቸውን ቆልፈው ጠበቁኝ። ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ ብዬም ዋሽቻቸዋለሁ።»

ከዚያ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ከየገጹ አናት ላይ ጻፈቻቸው። በዓይኗ ያየችውን፣ ክሩ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ፣ ከሥራቸው አሰፈረች። የማታውቀው ላይ ስትደርስ «አላውቅም» አለች። ዘጠነኛውን ጥያቄ ጽፋ የቀረውን ገጽ ባዶውን ተወችው።

እናቷ እጇን እየጠረገች ከወጥ ቤት ወጣች። ልጇን በዚያ ወንበር ላይ ስታያት ቆም አለች። «ቀን አልተቆረጠብኝም አላልሽም እንዴ፣ የኔ ልጅ? ምን አስቸኮለሽ?»

«ነገ ነው የማስረክበው» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።

ዓርብ አስረከበች። ከሃያው አሥራ አንድ አገኘች፤ መምህሩ ከግርጌው «አብዛኞቹ ጥያቄዎች አልተመለሱም» ብለው በቀይ ጽፈውበታል። የሮኬት ጽሑፍ አሥራ ስምንት አገኘ፤ በሰልፍ ላይም ተነበበ፤ መርፌው ጋ ሲደርስ ያለቀሱ ነበሩ። እናቷ በክር የታሰረው መጽሐፍ የማን እንደሆነ የድሮ ደንበኞችን ሁሉ እየዞረች ጠየቀች። ያወቀው አልተገኘም። እስካሁን መደርደሪያው ጫፍ ላይ ነው።