ማነው ፔዳሉን የረገጠው?

የሚያምነኝ ይመነኝ፤ የማያምነኝን አልለምንም። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች።

1957 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ። እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።

ሌሊት አልነበረም። ዝናቡ አባርቶ ፒያሳን ጉም ሸፍኗት ነበር እንጂ... ቀን ነው።

ቤታችን ሠራተኛ ሰፈር ነበር፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ። ግቢው የጋሽ አባይነህ ነው። እሳቸው በትልቁ ቤት ይኖራሉ፤ እኔና ትንሿ ልጄ ጓሮ ባለችው ክፍል።

ስሜ የሺዓለም ነው። ያኔ ባሌ ሐዱሽ ከሞተ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም።

ሐዱሽ የጋሽ አባይነህ ሾፌር ነበር። በግራጫዋ ፒካፓቸው ከሱሉልታ ጎመንና ድንች ጭኖ አትክልት ተራ ያራግፋል። አንድ ቀን የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርድ መኪናዋ አልቆም አለችው። ከባሕር ዛፍ ጋር ተላተመች። መሪው ደረቱን ሰበረው።

ጋሽ አባይነህ ለፖሊስ ምን ብለው ቃል ሰጡ መሰላችሁ?

«ሰክሮ ነበር።»

ሐዱሽ! መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቀው ሰው!

ያን ዕለት ጠዋት በር ላይ ቆሜ የተባባሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ አይይዝም። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል» አላቸው ሐዱሽ።

«ደጋግመህ እየረገጥክ ንዳ! ጎመኑ እስኪበሰብስ ልጠብቅልህ?» አሉት።

ይህንን ለፖሊስ ተናገርኩ። ግን ሚስቱ ነኝ፤ ማን ይስማኝ? ልጄን መንገድ ላይ «የሰካራም ልጅ» ይሏት ጀመር። እያለቀሰች ትመጣለች። እኔ አላለቅስም። እኔ ጥርሴን ነክሼ የጋሽ አባይነህን በር አያለሁ...

እሳቸው መኪናዋን አስጠገኗት። ግን ሾፌር አልበረክት አላቸው። አንዱ «ፔዳሉ ይሞቃል» ብሎ ቁልፉን ጥሎላቸው ሄደ። ሌላው በነጋታው ሳይመለስ ቀረ።

ስለዚህ ሊሸጧት አሰቡ። ገዢው ሰኞ ሊመጣ ነው። ፍሬኗ ግን አሁንም ልል ነው። በወጣትነታቸው የጣልያን ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋልና፣ ራሳቸው ሊያስተካክሉት እዚያው ግቢ ውስጥ በክሪክ አነሷትና ከሥሯ ገቡ።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ጋቢና ተቀምጦ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል። ሌላው ከሥር ሆኖ ጎማው ጋ ያለችውን ትንሽ ብሎን ይፈታል። አሮጌው የፍሬን ዘይት ከነአየሩ በቀጭን ቱቦ ጠርሙስ ውስጥ ይወርዳል። ብሎኑ ሲጠብቅ ፔዳሉ ይለቀቃል። አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ እንዲያ ነው።

ሰው አጡ። እኔን ጠሩኝ።

«የሺ! ነይ እስቲ ይቺን ርገጪልኝ።»

ባሌ የሞተበት ቦታ ላይ ተቀመጪ ይሉኛል!

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ክሪኩን አየሁት። እሳቸው ከሥር ተጋድመዋል... መኪናዋን ክሪኩ ብቻውን ተሸክሟታል... አንድ ክፉ ሐሳብ ልቤ ውስጥ ገባ። አልዋሽም።

«እሺ ጋሼ» አልኩና ገባሁ።

ወንበሩ አዲስ ነው። መሪውም አዲስ ነው። ፔዳሉ ግን የድሮው ነው፤ የሐዱሽ ጫማ መሐሉን በልቶታል። ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ረገጥኩት።

ሞቃት ነው።

ብረት ፀሐይ ላይ ሲውል እንደሚሞቀው አይደለም። እንደ ሰው ገላ...

«ርገጪ!»

ረገጥኩ።

«ያዢ!»

ያዝኩ። ዘይቱ ከሥር ሲንቆረቆር ተሰማኝ።

«ልቀቂ!»

ደጋገምነው። እሳቸው ማጉረምረም ጀመሩ።

«ይሄ አየር አያልቅም እንዴ? አዲስ ዘይት እየሞላሁ ጥቁር ነው የሚወጣው...»

በተከፈተው በር ጎንበስ ብዬ ጠርሙሱን አየሁት። አረፋው ብቅ ይላል... ያርፋል... ብቅ ይላል... ያርፋል...

ተኝቶ እንደሚተነፍስ ሰው።

«ርገጪ!»

እግሬን ላነሳ ስል ፔዳሉ ወረደ።

እግሬ ገና አልነካውም። ፔዳሉ ብቻውን እስከ ወለሉ ወረደና እዚያው ቀረ።

«ያዢ!»

«ይዣለሁ።»

ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም።

ድምፁ የወንድ ነው። ከኋላዬ አይደለም የመጣው። ከጎኔም አይደለም። እኔ ከተቀመጥኩበት ከራሱ ቦታ ነው።

ጋሽ አባይነህ ብሎኑን መፍታት ተዉ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«የሺ... ማነው አብሮሽ ያለው?»

«ማንም።»

«የወንድ ድምፅ ሰማሁ...»

«ማንም የለም አልኩ እኮ።»

ቀስ ብዬ ወረድኩ። ጭቃው ላይ በባዶ እግሬ ቆምኩ። ጋቢናው ባዶ ነው። ፔዳሉ ግን ይወርዳል... ይነሳል... ይወርዳል...

መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። ክሪኩንም ረሳሁት። ነገሩን ባለቤቱ ይዞታል፤ እኔ ምን አገባኝ?

«ልቀቂ!» አሉ ከሥር።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ አይይዝም።»

ወይኔ... ያ ድምፅ! «ጋሼ» ሲል እንደ አዲግራት ልጅ ጠበቅ ያደርጋታል። ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ! ግድግዳ ተደገፍኩ።

ክሪኩ ሲጥ አለ። መኪናዋ ትንሽ ዝቅ አለች።

«የሺ! አውጪኝ! ደረቴን... ደረቴን ያዘኝ!»

ጩኸቱን ሰምታ ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ የልብስ ሳፋዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች። የተከፈተውን ጋቢና አየች። የሚንቀሳቀሰውን ፔዳል አየች። ሳፋው ከእጇ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ አይይዝም» አለ ድምፁ እንደገና። አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። የሚያስፈራውም ይሄው ነበር።

ከዚያ ጋሽ አባይነህ ከሥር ሆነው ለፈለፉት።

«አውቅ ነበር! እንደማይይዝ አውቅ ነበር! አልሰከረም... እኔ ነኝ ሰክሯል ያልኩት! ሐዱሽ፣ ማረኝ!»

ፔዳሉ ተነሳና ቀጥ አለ።

እኔና አስካለ እግራቸውን ይዘን ጎትተን አወጣናቸው። ፊታቸው በጥቁሩ ዘይት ተነክሯል። ቀሚሴን ጨምድደው ይዘው አለቀሱ።

«ነገ በጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እቀይራለሁ። በማርያም!»

አመንኳቸው።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ከአስካለ ጋር የግቢው በር ላይ ጠበቅናቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ገዢውን ሊቀበሉ ወጡ። ያን ጠዋት ፍሬኑን ሞክረውት ቀጥ አድርጎ ይዞ ነበር። ደስ ብሏቸዋል።

«እንሂድ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ወዴት?»

«ፖሊስ ጣቢያ ነዋ። በማርያም ምለው የለ?»

ሳቁ።

«ፈርቼ የቀባጠርኩትን ቃል ብለሽ ያዝሽው? ባልሽ ሰካራም ነበር። ክፍሉንም እስከ ጳጉሜ ልቀቂልኝ።»

ልጄ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች።

ደሜ ፈላ። ግን ድምፄን ከፍ አላደረግኩም።

«ጋሽ አባይነህ፣ እርስዎም የሚይዝዎት ይጡ።»

ትከሻቸውን ነቅንቀው ቁልቁለቱን ወረዱ።

መጀመሪያ እንደማንም ሰው ነበር የሚሄዱት። ትንሽ ቆይተው ፈጠን አሉ። አንድ የሚያውቁት ሰው ሰላም ሲላቸው ባርኔጣቸውን አንስተው ሊቆሙ ሞከሩ...

እግራቸው አልቆመም።

ወደ ኋላ ተለጠጡ። ተረከዛቸውን ጭቃው ላይ ተከሉት። እንደዚያም ሆነው ይወርዳሉ። ከፊት የሚስባቸው የለም። ከኋላ የሚገፋቸው የለም።

«ያዙኝ!»

ሥራ ፈት የአራዳ ልጆች ሳቁ።

«ጋሼ፣ ማርሽ ይቀይሩ እንጂ!» አለ አንዱ።

የመብራት እንጨት አቀፉ። ሁለት እጃቸው ከእንጨቱ ላይ ቀስ እያለ ተላቀቀ። ጥፍራቸው እንጨቱን ሲቧጥጥ እኔ ከቆምኩበት ድረስ ይሰማል።

ያኔ የሳቀ የለም።

ሁለት ጎረምሶች ሮጠው ኮታቸውን ያዙ። ኮቱ በጎረምሶቹ እጅ ቀረ።

ጋሽ አባይነህ አንገታቸውን አዙረው እኔን ፈለጉኝ።

«የሺ! በቃህ በይው! አንቺን ይሰማል!»

አፌ ውስጥ ነበረች ያቺ ቃል። አንዲት ቃል ናት። ልጄን ወደ ራሴ አስጠጋኋትና ዓይኗን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ቃሏን ዋጥኳት።

በጉሙ ውስጥ ጠፉ። «ያዙኝ» የሚለው ድምፅ ብቻ ከታች... ከታች... እየራቀ ተሰማ።

አስካለ ያንኑ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ እሁድ የሰማችውን ተናገረች። እኔን ያልሰሙኝ እሷን ሰሟት። እድርተኛውም ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ልጄን «የሰካራም ልጅ» ያላት የለም። ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ለሌላው ግን ማንን እንደማመሰግን አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች ሲፈልጓቸው እኔና አስካለም ተከተልን። መንገዱ ላይ ተረከዛቸው ያሰመራቸው ሁለት መስመሮች ነበሩ። ድልድዩ ጋ ደርሰው በጎኑ ታጠፉና ወደ ወንዙ ወረዱ። ወንዙ የክረምት ሙላቱ ነው፤ ደፍርሶ ይጋልባል።

«በቃ፣ ውሃው ወስዷቸዋል» አለ አንደኛው ፖሊስ።

አስካለ ክንዴን ጨበጠችኝ። በጣቷ ወደ ማዶ አሳየችኝ።

ሁለቱ መስመሮች ከወንዙ ማዶ ወጥተዋል። ጭቃውን እየሰነጠቁ ዳገቱን ሽቅብ ይሄዳሉ... እስከ መሐሉ ድረስ። እዚያ አንድም ሰው የለም።

ሁላችንም ቆመን ስናይ...

መስመሮቹ ስንዝር ያህል ረዘሙ።