ክንፏ የተቆረጠው አውራ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ዛር ቢሉ ቡዳ ቢሉ «እስቲ ጠርታችሁ አሳዩኝ» እያልሁ ሰው የማበሽቅ፣ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር። ይህንን ግን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ፣ አንተም መጀመሪያ ሳቅህን ጨርስና ስማኝ።

ዝናቡ እንዳባራ ሰሞን ጎረቤቴ ኑር ሁሴን፣ ከመተማ መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተው፣ ደወለልኝ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ንብ ግቢዬ ሰፍሮ ደንበኛ አባረረብኝ፣ ወላሂ ና አንሳልኝ!» ንብ ማነብ ከቋራ ይዤው የመጣሁት ሙያ ነው፣ እዚህ ግን ቀፎ ነክቼ አላውቅም ነበር። ስሄድ መንጋው ከቆርቆሮው በላይ፣ ከኒሙ ዛፍ ጫፍ ተንጠልጥሏል። በመሰላል ወጥቼ በጆንያ አወረድሁትና ቤቴ ወስጄ ከሣጥን በሠራሁት ቀፎ ውስጥ አራገፍሁት፣ እመነኝ፣ አንዲትም አልነደፈችኝም፣ የቆላ ንብ ደግሞ ዘመድ አያውቅም።

ከሳምንት በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል ልፈትሸው ከፈትሁ፣ አዲስ መንጋ አውራዋ፣ ንግሥቲቱ፣ ካልኖረች ወይም እንቁላል ካልጣለች ትርፉ ድካም ነው። የማሩ እንጀራ ነጭ፣ እጩ ያማረ፣ እንቁላሉም በየዓይኑ አንድ አንድ። አውራዋን ስፈልግ ሳላስበው እንደ ታላቅ ወንድሜ እንደ አዳነ ቀስ ብዬ አፏጨሁ፣ እሱ ቋራ ቀፎ ሲከፍት ያፏጫል። ያ ሁሉ ጉምጉምታ ባንዴ ጸጥ አለ። ሳቆም ተመለሰ። ደግሜ አፏጨሁ፣ ደግሞ ጸጥ። ነገሩ ገረመኝና እንደ ልጅ መላልሼ ሞከርሁት።

ያኔ አየኋት። የግራ ክንፏ ጫፍ እንደ ጥጃ ጆሮ ተሰንጥቋል። አዳነ አውራዋ እንዳትጠፋበት ክንፏን የሚቆርጠው በዚህ መንገድ ነው፣ በከብቶቹ ጆሮ ምልክት፣ ሌላ ሰው ሲያደርገው አላየሁም። ክንፏ የተቆረጠ አውራ ደግሞ እንኳን ድንበር ተሻግራ ኒም ጫፍ ልትወጣ፣ አጥርም አትዘል።

ራቅ ብሎ ቆሞ ለነበረው ለኑር ሁሴን ነገርሁት።

«ባለቤቱ የሞተ ንብ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል ይባላል» አለና፣ ፊቴን ሲያይ «አስተግፊሩላህ» አለ።

ከአዳነ ጋር ከተነጋገርን ከርሟል፣ በዚያ በኩል የስልክ መስመር ከተቋረጠ ቆይቷል። ፈራሁ፣ አልዋሽህም።

በየቀኑ ስሞክር ስሞክር፣ ቀፎውን ከፍቼ ሳለሁ አንድ ቀን ጠራ። እጄ ማር በማር ስለነበር ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ሣጥኑ አጠገብ አስቀመጥሁት።

«አቤት ወንድሜ!» የአዳነ ድምፅ ነው፣ እንባዬ መጣ። ቤተሰቡን ጠየቅሁ፣ ደህና ናቸው። «ንቦችህስ?» አልሁት።

«አሉ። ያንተዋስ እንቁላል ጣለች?»

ንብ መያዜን አልነገርሁትም። ማን ነገረህ ልለው አፌን ስከፍት ከስልኩ ውስጥ ያቺ ቀስ ያለች ፉጨት መጣች፣ ሣጥኑም ጸጥ አለ። መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ ስደውል አይጠራም። አሁን ሰሊጥ አጫጆች ከቋራ መግባት ጀምረዋል፣ አዳነን የሚያውቅ አይጠፋም፣ አለ ወይስ ሞተ ብሎ መጠየቅ የአፍታ ሥራ ነው። ኑር ሁሴን ባገኘኝ ቁጥር «ልጠይቅልህ?» ይለኛል።

«ቆይ» እለዋለሁ፣ እንቁላሉን ካየሁት ስንት ጊዜው፣ «መጀመሪያ እንቁላል መጣሏን ልይ።»