የገዳይ አባት

ዳኛቸው አደን በወጣበት ተራራ ላይ፣ ካራ እንደጨበጠ፣ አንድ የታረደ አጋዘን አጠገብ ተደፍቶ ተገኘ። ጥይቷ በጀርባው ገብታ በደረቱ ወጥታ ጠፍታለች። በስደት የኛ ሰው የሚበዛበት ሰፈር፣ ፌርፋክስ፣ ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ደረሰ፤ «የስምንት ዓመት ልጁ ገደለችው» ተባለ። ሰው እኮ ወሬ ካገኘ ለሕፃን እንኳ አያዝንም!

ልጅቷ ኤልዳና ከዚያ ቀን ወዲህ ትንፍሽ አላለችም። ሰርክ የምትባለው እናቷ ቢጨንቃት ወይንሸትን ጠራች። ወይንሸት መርማሪ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ምላሷ የሚለበልብ ሴት ናት።

«ፖሊሶቹ አደጋ ነው ብለው ፋይሉን ክሎዝ ሊያደርጉት ነው» አለች ሰርክ። «እኔ ግን ልጄ ‹አባቴን ገደልኩ› እያለች እንድታድግ አልፈልግም።»

«ገድላው ከሆነስ?»

«እርስዎ ደግሞ ጨካኝ ነዎት!»

«ነኝ። ለመሆኑ ለሕፃን ጠመንጃ ማን ይሰጣል?»

«የዳኛቸው ጓደኛ፣ ቶማስ። ‹እዚህ አገር አደን የሚወጣው ቤተሰብ አብሮ ነው፣ ልጆች ከትንሽነታቸው ይልመዱ› እያለ ነዘነዘን። እኔም አንድ ነገር አስምዬ ነው እሺ ያልኩት፤ ጥይቱ አባቷ ኪስ ይሁን፣ በእጁ አንድ ብቻ ይስጣት። ጠመንጃዋም ከአንድ በላይ አትጎርስም።»

ፖሊስ ከመለሰው ዕቃ መሀል፣ ከዳኛቸው ኪስ የወጣው የጥይት ካርቶን አለ። የጎደለው አንድ ብቻ ነው።

ወይንሸት ቀጥላ ሃውቶርን ሰፈር፣ የዳኛቸው አጎት ጋሼ ለገሠ ቤት ሄደች። የአደኑ ዕለት አብረው ወጥተው፣ ጉልበታቸውን ስላመማቸው መኪና ውስጥ ቀርተው ነበር። ከዳኛቸው ጋር ተኳርፈው ስለነበር እሳቸውም ከጥርጣሬ አላመለጡም።

«ምን አጣላችሁ?»

«ልጅ ይዞ አደን መውጣቱ ነዋ! ነውር ነው አልኩት፣ አልሰማኝም። እኔ እሷን ልጠብቅ ነው የሄድኩት፤ ጠመንጃም አልያዝኩ።»

«ምን ሰሙ?»

«አንድ ተኩስ። ቆይቶ ደግሞ ሌላ። እያነከስኩ ስደርስ ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ መሬት ተደፍታለች፣ ቶማስ ‹ምን አረግሽ!› እያለ ይጮህባታል። የአጋዘኑ ሥጋ ፍሪዘሬ ውስጥ ነው። በክት ይሁን አይሁን እንጃ፤ እጄንም አላስነካው።»

ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው፣ ክርስቲያን አይበላውም። የኛ ሰው አደን ሲወጣ አውሬው ነፍሱ ሳትወጣ ለመድረስ ካራ ይዞ የሚሮጠው ለዚህ ነው። ይህን ደግሞ ቶማስ አሳምሮ ያውቃል።

ቶማስን ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር፣ መኪና የሚያቆምበት ፓርኪንግ ውስጥ አገኘችው። በዕድሜ እናቱ ትሆናለች፤ እሱ ግን አንቺ ነው የሚላት።

«ለፖሊስ የነገርኩትን ነው የምነግርሽ። አጋዘኑን እኔ ጣልኩት። ዳኒ ሊያርድ ሮጠ። ኤልዱ ደንግጣ ተኮሰች፣ ጀርባውን አገኘችው። የኔና የሷ ጠመንጃ የሚጎርሰው አንድ ዓይነት ጥይት ነው። ሶ፣ ሌላ ምን ፈለግሽ?»

«ምንም። ብቻ ጋሼ ለገሠ ያንን ሁሉ ሥጋ በክት ነው ብለው ሊጥሉት ነው።»

«ኧረ በክት አይደለም! ዳኒ በስመ አብ ብሎ በነፍሱ ነው ያረደው። ደሞ ደስታው! ‹የገዳይ አባት!› ብሎ ሲፎክር ሸለቆው አስተጋባ። ለቅሶ ቤት ሁሉም ሰምቶኛል እኮ።»

እውነቱን ነው። የሟችን የመጨረሻ ቃል አሳምሮ መንገር ወጋችን ነውና፣ ቶማስም በዚያ ቃል ለቀስተኛውን ሲያስለቅስ ሰንብቷል። ለፖሊስ ከሰጠው ቃል ጋር ያስተያየው ግን አልነበረም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወይንሸት ሁሉንም ፌርፋክስ ላይ አንድ ምግብ ቤት ሰበሰበቻቸው። ኤልዳና እናቷ ጉያ ተወሽቃለች። በሩ አጠገብ ሁለት ፈረንጆች ሻይ ይጠጣሉ።

«ሁለት ተኩስ ነበር» አለች ወይንሸት። «አንዱ አጋዘኑን፣ አንዱ ዳኛቸውን አገኘ። ኤልዳና የነበራትም የተኮሰችውም አንድ ጥይት ነው፤ ሌላው አባቷ ኪስ ነው። አጋዘኑን የጣለ ዳኛቸውን አልገደለም ማለት ነው። ማን ጣለው?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ!» አለ ቶማስ።

«ጋሼ፣ አጋዘኑን ቶማስ ጥሎት ቢሆን ዳኛቸው ይፎክር ነበር?»

«በሰው ግዳይ? ምን ቆርጦት! ‹የገዳይ አባት› ያለው እኮ ልጁ ብትጥለው…» ጋሼ ለገሠ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ብድግ አሉ።

«አዎ። ልጅቷ አጋዘኑን መታች፣ ድምፁ አስደነገጣትና ጆሮዋን ይዛ ተደፋች። አባቷ አረደ፣ ፎከረ። ሁለተኛው ተኩስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም መሬት እንደተደፋች ‹ምን አረግሽ› ብሎ ጮኸባት።»

ሰርክ ወደ ቶማስ ዞረች። «ለምን?»

«ለምን ትያለሽ? ናይሮቢ ቪዛ ስጠብቅ ቀለበቴን አስወልቆ የራሱን ያጠለቀልሽ ማን ነው? ስንት ዓመት ሙሉ ገበታው ላይ ቁጭ ብዬ ስስቅ ኖርኩ!»

«ልጄስ? እሷ ምን አረገችህ?»

«ሕፃንን ማን ያስራል ብዬ ነዋ!»

ልጅቷ አደን ትውጣ ብሎ የነዘነዛቸው ለካ ለዚህ ነው። ጋሼ ለገሠ «አንተ አረመኔ!» ብለው ከዘራቸውን ሲያነሱ ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች የሆኑት ፈረንጆች ቀድመው ደረሱና የቶማስን እጅ ወደኋላ አሰሩት።

ኤልዳና ከእናቷ ጉያ ወጥታ ቶማስ ፊት መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«ቶሚ፣ እየኝ» አለች።

ሰርክ አፏን በእጇ ያዘች። ቶማስ ወለሉን እያየ ሊያልፍ ሞከረ።

«እየኝ!»

አላያትም። አቀርቅሮ ወጣ።