በበሩ የማይወጣ ማሽን

የአናጢዋን አባት ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ጋሽ ሚሊሜትር በሚል ስም ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ግን አንድ ቀን ጠረጴዛ ሊያሠራ ሄዶ እንደነበር አያጠራጥርም። ሜትራቸውን ቀበቷቸው ላይ ሳይሰኩ ከቤት አይወጡም። እንግድነት ሲጠሩ እንኳ ወንበሩን ገልበጥ አድርገው ሳያዩ አይቀመጡም። አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ በመጋዝና በመላጊያ መካከል ነውና የልጅቷም እጅ የእሳቸው ሆኖ ቀረ። ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ተሳስታ የቆረጠችው ጣውላ የለም ይባልላታል።

እንግዲህ እንዲህ የሚባልላት ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሳሳተች። ጥፋቱ የቴሌቪዥን ሠሪው ነው።

ቴሌቪዥን ሠሪው የመጣው ሰኞ ጠዋት፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዞ ነበር። ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ ከሸሚዙ ኪስ ካቻቢቴ ብቅ ብሎ ይታያል።

«ሣጥን ፈልጌ ነበር» አለ። «የጌም ሣጥን። ድሮ ጌም ቤት ቆመን የምንጫወትበት፣ ጄቶን የሚጎርሰው፣ ታውቂው እንደሆነ።»

ታውቀዋለች። ወረቀቱን ተቀብላ ስታየው ሥዕሉ ላይ ቁጥር የሚባል ነገር የለም።

«ልኩስ?»

«ልኩ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ጆይስቲኩ ደረቴ ጋ ይደርሳል። ስክሪኑን ደግሞ ቀና ብዬ ነበር የማየው።»

ሜትሯን መዝዛ ከወለሉ እስከ ደረቱ ለካች። ቁጥሩን ስታየው ሳቋ አመለጣት።

«በዚህ ልክ ከሆነስ መሰላልም አብሬ ልሥራልህ ነው። ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?»

«አሥር። ወይ አሥራ አንድ።»

«እና ያኔ ደረትህ የት ነበር?»

ቴሌቪዥን ሠሪው ቁልቁል ደረቱን አየ፤ ቀጥሎ ወለሉን። ከዚያ አንገቱን እያከከ መሳቅ ጀመረ።

«ይኸው ነው እንግዲህ! አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደ ግንብ ሲታየኝ የኖረው፣ ለካ እኔ ነኝ ድንክ የነበርኩት።»

በራሱ የሚስቅ ወንድ ብዙ አላጋጠማትም። እግሯ ስር ያለውን ሰጋቱራ በጫማዋ ገፋ ገፋ ስታደርግ ቆየች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴሌቪዥን ሠሪው አልጠፋም። አንድ ቀን የስክሪኑን ልክ ላሳይሽ ብሎ ትልቅ አሮጌ ቴሌቪዥን ተሸክሞ መጣ፤ ባለ ጀርባው፣ እንደ ነፍሰ ጡር ወደ ኋላ የሚያብጠው ዓይነት ነው። በሌላ ቀን የማሽኑን ቦርድ አመጣ። ድሮ የተጫወተበት የዚያው የሰፈሩ ጌም ቤት ማሽን ቦርድ ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ላይ ገዝቶ ሦስት ወር በመበየጃ ካውያ ሲታገል ነፍስ ዘርቶበታል። በሦስተኛው ቀን ምንም አላመጣም። «ወርዱ ይስፋልኝ ልልሽ ነው» አለ። «ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም ክርን ለክርን እንዳይጋጭ።»

«ከማን ጋር ልትጫወት ነው?» አለች፣ ለነገሩ ደንታ እንደሌላት ሁሉ ብርጭቆ ወረቀቱን እየቆረጠች።

«እሱን ገና አላወቅኩም።»

ደስ አላት። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ነገሩን የነገራት የማሽኑን ጎን አብረው ሲያለሰልሱ ነው፤ ፊቱን አላዞረም። ቴሌቪዥን የሚያሠራ ሰው ጠፍቷል፤ የተበላሸበት ሁሉ ጥሎ አዲስ ይገዛል። የአጎቱ ልጅ ሌላ ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ከፍቶ አብረን እንሥራ ብሎታል። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ዕቃው የሚጫንበት መኪና ይመጣል።

«ማሽኑን ይዤው ነው የምሄደው። ከዚህ ሰፈር ሌላ የምወስደው ነገር የለኝም» አለ።

አናጢዋ እጇ ቆመ። ቅዳሜ ማሽኑ ያልቃል፤ ማሽኑ ሲያልቅ ይህ ሰው ይሄዳል። በዚያ ሳምንት ነው የጆይስቲኩን ገበታ አራት ሚሊሜትር አሳጥራ የቆረጠችው። ጋሽ ሚሊሜትር የተቆረጠውን አንስተው ለኩት፤ እንደገና ለኩት፤ ከዚያ ግንባሯን በእጃቸው ነኩ።

«አመመሽ እንዴ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባዬ።»

በማግስቱ ስድስት ቀዳዳ ለሚያስፈልጋቸው ቁልፎች ሰባት በሳች። አባቷ በዚህ ጊዜ አልጠየቁም። አንዴ እሷን፣ አንዴ ግድግዳውን ተደግፎ ሽቦ የሚልጠውን ወጣት አዩና ጉሮሯቸውን ጠርገው ወጡ።

ያላለቀው ማሽን ደግሞ ወሬ ሆኗል። አልጋ ሊያሠራ የመጣ ሰው አልጋውን ረስቶ «ይቺ ለሽያጭ ናት?» ይላል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ባሏ በልጅነቱ ለዚህ ነገር ሲል ከትምህርት ቤት ስንት ጊዜ እንደፎረፈ ስትናገር ቆይታ፣ ስትወጣ «ለልደቱ አንድ ብትሠሩልኝስ?» ብላ ጠየቀች። አናጢዋ «እናያለን» ብላ ሸኘቻት። ልቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ሊሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቴሌቪዥን ሠሪው ቁልፎቹን እየገጠመ የልጅነቱን ቁስል አወራት።

«አንደኛ መውጣት ነው ያቃተኝ። ጨዋታው ሲያልቅ የአንደኞቹ ዝርዝር ይመጣል፤ ሦስት ፊደል ነው የሚጻፈው። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነኝ። ከላይ ሦስት ኤ። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም! ከትምህርት ቤት ስንመጣ ሪከርዱ ጨምሮ ይጠብቀናል።»

እርሳሷ ከእጇ ወደቀ።

«ማን... ማን ይመስልሃል?»

«ፂም ያለው ትልቅ ሰውዬ። ሹፌር ነገር። እኛ ክፍል ስንሆን የሚመጣ» አለና ሳቀ። «እውነቴን ነው የምልሽ፣ እሱን ሰውዬ ባገኘው መኪናውን እመልሰው ነበር። እስካሸንፈው የትም አልሄድም።»

ጎንበስ ብላ እርሳሷን ፈለገች። እርሳሱ ፊቷ ተቀምጧል፤ ቀና ማለት አቅቷት እንጂ አልጠፋባትም።

ያኔ ጌም ቤቱ ጠዋት ዝግ ነበር። ሲከፈት የሚከፈተው ለጋሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የጆተኒው እግር ወይ አግዳሚ ወንበሩ ሳይሰበር የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም። ከሰዓት ፈረቃ የምትማረው ልጃቸው ሚስማር ታቀብላለች ተብላ አብራቸው ትሄዳለች። ባለቤቱ እንዳትሰለች ብሎ ማሽኑን በነፃ ይከፍትላታል። ቁመቷ ስለማይደርስ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ ትቆምበታለች፤ ከላይ የሚወርደውን ድንጋይ ሁሉ በትንሿ የጠፈር መንኮራኩር እያነደደች ታወርደዋለች። ፊደል እንዴት እንደሚቀየር ግን ያሳያት የለም። ማሽኑ ስም ጻፊ ሲላት ያለውን ኤ እንዳለ ሦስት ጊዜ ተጭና ትወርዳለች።

እኔ ነኝ ማለት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መኪናውን እመልሰው ነበር ብሏል። አሁን እኔ ነኝ ማለት እጁን ይዞ አትሂድብኝ ከማለት በምን ይለያል? ለምና ሰው የምታስቀር ሴት መሆን አልፈለገችም። አፍቅራዋለች፤ ይህን ለራሷ ከነገረች ሰንብታለች። እርሳሷን አንስታ ወደ ጣውላዋ ተመለሰች።

የአናጢ ቤቱ በር ሰማንያ አምስት ሳንቲሜትር ነው። ከዚያ የሚሰፋ ነገር ውስጥ ተቆርጦ ግቢ ውስጥ ይገጠማል፤ እዚያ ቤት ይህን ሕግ ሳያውቅ መዶሻ የሚይዝ የለም። ዐርብ ዕለት ጋሽ ሚሊሜትር የሰው ቤት መስኮት ሊገጥሙ ሄደው ነበር። አናጢዋ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ሠራች። አመሻሹ ላይ ቴሌቪዥን ሠሪው ሲመጣ ማሽኑ ተገጣጥሞ፣ ተወልውሎ፣ በቤቱ መሃል ቆሟል። እሱም ስክሪኑንና ቦርዱን አስገብቶ ሲያበራው ያ የድሮ ሙዚቃ ጮኸ። እሱ ማሽኑን አየ፤ እሷ እሱን።

«እጅሽ ይባረክ» አለ በመጨረሻ። የፈለገችው ሌላ ቃል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው መጣ። ሁለት ተሸካሚዎች ማሽኑን አንስተው እስከ በሩ ሄዱና ቆሙ። አዞሩት፣ አጋደሙት፣ በሆዱም በጀርባውም ሞከሩት።

«አይወጣም» አለ አንደኛው ላቡን እየጠረገ።

ጋሽ ሚሊሜትር ሜትራቸውን መዘዙ። «ወርዱ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ ዘጠና ሁለት» አሉ። «ችግር የለም፤ ብሎኑን ፈትታችሁ ውጭ ግጠሙት።» ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን አዩ። ቀና ሲሉ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዷል። «ብሎን የለውም እኮ! በኮላ ነው የተጣበቀው።»

«ተሳስቼ ነው አባዬ» አለች አናጢዋ መሬት መሬት እያየች።

«ስሚ፣ ሰው ሲሳሳት ሁለት ሚሊሜትር ይሳሳታል። ሦስት ይሁን። ከበሩ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር መብለጥ ግን ስህተት አይባልም፤ ሐሳብ ነው የሚባለው።»

ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቴሌቪዥን ሠሪው አናጢዋን ያያታል፤ እሷ ጆሮዋ ድረስ ሞቋታል። ሹፌሩ ውጭ ጡሩምባ ነፋ።

«እንግዲህ ወይ ግድግዳው ይፈርሳል ወይ ማሽኑ» አሉ ጋሽ ሚሊሜትር። «ግድግዳው የእኔ ነው።»

አናጢዋ ትንፋሿን ሳበች። «ከመፍረሱ በፊት አንድ ጨዋታ» አለች። «ለሁለት።»

ጎን ለጎን ቆሙ። ክርናቸው አልተነካካም፤ ወርዱን አንድ ሜትር በማድረጓ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደች። ጨዋታው ሲጀመር እሱ ቀደማት፤ በልምድ ነው። ከዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የተኙት ጣቶቿ ነቁ። ድንጋዩ ሲወርድ አስቀድማ ታውቀዋለች፤ ከግራ ሁለት፣ ከቀኝ አንድ፣ ከዚያ ትልቁ። የእሱ መንኮራኩር ነደደች። እሱ ግን ስክሪኑን አላየም፤ እጇን ነው ያየው።

የእሷም አለቀ። ዝርዝሩ መጣ፤ አንደኛ። ማሽኑ ስም ጻፊ አላት። አናጢዋ ጆይስቲኩን አልነካችም። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ተጫነች።

ኤ። ኤ። ኤ።

ቴሌቪዥን ሠሪው እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ፂሙስ?» አለ በስተመጨረሻ።

«ተላጨሁት» አለች፤ ሳቋና እንባዋ አብረው መጡ። «ፊደል መቀየር አላውቅም ነበር። ልነግርህ ፈልጌ... ለምኜ ያስቀረሁህ እንዳይመስልህ ፈራሁ።»

«ባትለምኚኝም እኮ ሰበብ ስፈልግ ነው የከረምኩት! ያን ሁሉ ቀን ለስክሪን ልክ የተመላለስኩ መሰለሽ? እወድሻለሁ፤ ብነግርሽና ሂድ ብትዪኝስ ብዬ ፈርቼ ነው።»

ጡሩምባው ደግሞ ጮኸ። ቴሌቪዥን ሠሪው በሩ ላይ ወጥቶ «ወንድሜ፣ ዕቃውን አውርደው!» ብሎ ተጣራ። ሹፌሩ የተናገረው እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

«ምን ሠርቼ እንደምበላ ግን እንጃ ጋሼ» አለ ተመልሶ።

«የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ለባሏ አዛለች፤ ያ አልጋ የረሳው ሰውዬም ሁለት ጊዜ ተመላልሷል» አሉ ጋሽ ሚሊሜትር፣ ጆይስቲኩን ሰረቅ አድርገው እያንቀሳቀሱ። «ሣጥኑን እኛ፣ ሆዱን አንተ። የሚቀጥለው ግን ግቢ ውስጥ ነው የሚገጠመው!»

ተጋቡ። ለሠርጋቸው ስጦታ ብለው ጋሽ ሚሊሜትር በሩን አንድ ሜትር ከሃያ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ስንት ማሽን በዚያ በር ወጥቶ ሄዷል፤ የመጀመሪያው ግን ይውጣ ያለ ሰው የለምና ከነሰባተኛ ቀዳዳው እዚያው ቆሟል። ባሏም ፊደል መቀየር ትቷል፣ አማቱም አልለመዱትም፤ ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ሦስት ኤ ብቻ ነው። እሱ አንዳንድ ቀን ከሥራ በኋላ ብቻውን ቀርቶ ሲታገል ያመሽና «ዛሬስ አንደኛው የእኔ ነው» እያለ ቤት ይገባል። አትከራከረውም። ጠዋት እሷ ቀድማ ትወጣለች፤ እሱ ሥራ ሲገባ ሪከርዱ ጨምሮ ይጠብቀዋል።