የናሆም ሒሳብ

ናሆም ሞቶ ሲገኝ የድምፅ ማዳመጫው ከጆሮው አልወረደም ነበር። ፒያሳ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ በተከራያት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነበር። ሥራው ዘፋኞች ከቀዱ በኋላ ድምፃቸውን ከመሣሪያው ጋር ማመጣጠን፣ በሙያው አጠራር ሚክስ ማድረግ ነው። ቅጥር አልነበረውም። ሥራ ሲያመጡለት ይሠራል፤ ክፍያው ግን እንደ ሥራው ቶሎ አይመጣም።

ሐኪሙ፣ ናሆምን የገደለው የጄኔሬተር ጭስ ነው አለ። ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ወለተጊዮርጊስ የተቸገረችውም በዚሁ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ናሆም ጄኔሬተር አስነሥቷል። ጄኔሬተሩ ግን ያለው ግቢው ዳር፣ ጩኸቱ እንዳይረብሸው ብሎ ራሱ በብሎኬት በከለለው ቦታ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ጭስ ስቱዲዮው ውስጥ ሊገባ አይችልም።

ክፍሉን በውጭ በኩል ዞረችው። መስኮት የለውም፤ በሩ ላይ ብቻ ትንሽ መስታወት አለ። አየር የሚያስገባው ከኋላ ያለ አንድ ቱቦ ብቻ ሲሆን እሱንም የተደገፈ አሮጌ ቆርቆሮ ጋርዶታል። ቆርቆሮውን ገለል ስታደርገው የቱቦው አፍ በጥላሸት ጠቁሯል። ሣሩ ላይም ከባድ ነገር ተጎትቶ መጥቶ ተጎትቶ የተመለሰበት ምልክት ይታያል።

«አደጋ ይሆን?» አላት አብሯት የነበረው ፖሊስ።

«አደጋ ቢሆን ጄኔሬተሩ እዚሁ ይገኝ ነበር። ያመጣው ሰው መልሶታል።»

አስከሬኑን ያገኘችው የሱቁ ባለቤትና አከራዩ ሙንተሃ ናት። ባንኮኒው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ እያጣጠፈች፣ መልሳ እየዘረጋች ተናገረች።

«ኪራይ አሳልፎብኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ልቀቅልኝ አልኩት። ባልጨቀጭቀው ኖሮ እዚያ ውስጥ ተዘግቶ አይውልም ነበር።»

«ያን ዕለት ማን ገባ?»

«መግቢያው በሱቄ በኩል ብቻ ነው። እንግዳ ሰው አልገባም።»

«ሌላ ያስተዋሉት ነገርስ?»

«የጄኔሬተሩ ድምፅ መሃል ላይ የቀረበ መስሎኝ ነበር። ሥራ ስለበዛብኝ ወጥቼ አላየሁም።»

ወለተጊዮርጊስ ቀጥላ ናትናኤልን አነጋገረች። የናሆም የቅርብ ጓደኛ ነው፤ እሱም የድምፅ ባለሙያ ነው። ስቱዲዮውን አብረው ነው የሠሩት። ሥራም የሚያመጣለት እሱ ነበር። ዓይኑ ከለቅሶ ብዛት አብጧል።

«ናሆም ገንዘብ መጠየቅ ያፍራል» አላት። «እኔ ነበርኩ የምጠይቅለት። የመጨረሻውን አልበም ያሠራው ጉልላት ግን ዛሬ ነገ እያለ ወራት አስቆጠረ።»

«ስንት ነበር?»

«ሠላሳ ሺህ።»

የናሆም እናት ወይዘሮ ተዋበች የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ ቱላ ነው። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ኢንስፔክተሯን ጓዳ አስገብተው አንድ ስም ያልተጻፈበት ፖስታ ሰጧት።

«ለቅሶ ላይ ትራሴ ሥር አገኘሁት። ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም። ሠላሳ አምስት ሺህ ብር ነው። ልጄ የሚጠብቀው ሠላሳ ነበር። ኪራዬን እከፍላለሁ፣ ለአንቺም ጣሪያሽን አድስልሻለሁ ሲለኝ ነበር።»

ጉልላት ዕዳ አለብህ መባሉን ሲሰማ ተቆጣ።

«ከፍያለሁ። ለናትናኤል በእጁ ሰጥቼዋለሁ። አንድ ዘፈን ደግመን ስላሠራን በሠላሳው ላይ አምስት ጨምሬ።»

«ደረሰኝ አለዎት?»

«በእኛ ሥራ ማን ደረሰኝ ይቆርጣል?»

«ናሆምንስ ደረሰህ ወይ ብለው ጠይቀውት ያውቃሉ?»

ጉልላት ድምፁ ቀዘቀዘ። «አንድ ቀን ካፌ ሳገኘው ፊቱን አዞረብኝ። የናቀኝ መሰለኝ። እኔም ኮርቼ አለፍኩት።»

በማግሥቱ ወለተጊዮርጊስ ሁሉንም ስቱዲዮው ፊት ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ተዋበች ወንበር ላይ ተቀመጡ። አልበሙን የዘፈነችው ሩሐማም መጥታለች።

«ሩሐማ፣ ናሆም ስለ ክፍያው ነግሮሽ ነበር?»

«ነግሮኛል። ገና አልበሙን ስንሠራ ጀምሮ። ስለ ብር ማንሣት አፍሬ ችላ አልኩት። በኋላ ግን ሕሊናዬ እምቢ አለኝ፤ ከጉልላት ጋር ፊት ለፊት ላገናኘው ቀጠሮ ያዝኩለት። ቀጠሮው እሱ በሞተ ማግሥት ነበር።»

«ቀጠሮውን ለማን ነገርሽ?»

«ለናትናኤል ብቻ። ጓደኛው ስለሆነ ደስ ይለዋል ብዬ ነው።»

ወለተጊዮርጊስ ወደ ሙንተሃ ዞረች። «እርስዎ እንግዳ ሰው አልገባም ነው ያሉኝ። እንግዳ ያልሆነስ?»

ሙንተሃ አፏን በእጇ ያዘች። «ናቲማ ሁሌም ይገባል። እሱን እንደ ሰው… ማለቴ ቤተኛ ነው። አልቆጠርኩትም።»

«ቱቦው በቆርቆሮ ተጋርዷል» አለች ኢንስፔክተሯ ሳትቸኩል። «እዚያ መኖሩን የሚያውቀው ክፍሉን የሠራ ሰው ነው። ናሆም ማዳመጫ አድርጎ ስለነበር ጄኔሬተሩ ሲጠጋ አልሰማም። ጉልላትና ሩሐማ ያን ከሰዓት ጉዱማሌ አደባባይ የበዓል መድረክ ሲያሰናዱ በብዙ ሰው ፊት ነበሩ። ጉልላት ከፈልኩ ይላል፣ ናትናኤል አልከፈለም ይላል፤ ደረሰኝ የለም። የሚዋሸውን የለየልኝ የለቅሶው ፖስታ ነው። ናሆምም እናቱም የሚያውቁት ሠላሳ ሺህ ነው። ሠላሳ አምስት መሆኑን የሚያውቁት የሰጠውና የተቀበለው ብቻ ናቸው። ጉልላት ቢሆን ኖሮ በስሙ ያደርገው ነበር፤ መክፈሉ ይታወቅለት ዘንድ። ስሙን መደበቅ የሚያስፈልገው ገንዘቡን ተቀብሎ ያስቀረው ሰው ነው።»

ናትናኤል አልካደም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«የእኔ ሚክሰር፣ የድምፅ ማመጣጠኛዬ፣ ተቃጥሎ ነበር። በብሩ ሌላ ገዛሁ። ሠርቼ እመልሳለሁ ብዬ ነው። ከዚያ አንድ ውሸት፣ በላዩ ሌላ ውሸት… ቀጠሮው ላይ ቢገናኙ ማንም ሥራ አይሰጠኝም። ራሱን እንዲያመውና ቀጠሮው እንዲቀር ብቻ ነበር የፈለግሁት።»

«ጄኔሬተሩን ልትመልስ ስትመጣ በበሩ መስታወት አላየኸውም?»

«አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል።»

«በሩን ለምን አልከፈትክም?»

ናትናኤል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ፖስታው ውስጥ ያለውን ብርስ ከየት አመጣኸው?»

«ሚክሰሩን ሸጥኩት።»

ወይዘሮ ተዋበች ወደ ናትናኤል ዞሩ። እሱንና ናሆምን ከአንድ ሳህን እያበሉ አሳድገዋል።

«አንተ ልጅ» አሉት በቀስታ፣ «ብትነግረው እኮ ይተውልህ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እማዬ። ይቅር ሊለኝ እንደሚችል አውቅ ነበር። ይቅርታውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ መቀበል ነው ያቃተኝ።»

ፖሊሱ ደግፎ አስነሣውና ይዞት ወጣ። ሱቁን አልፈው መንገዱ ላይ እስኪወጡ ድረስ ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሙንተሃ አንገቷን ደፍታለች። ሩሐማ የወይዘሮ ተዋበችን እጅ ልትይዝ ፈልጋ አልደፈረችም።

ጉልላት ብቻ ከግቢው ጥግ ቆሞ ስልኩን አወጣና ወደ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ፍቅሬ ደወለ።

«ፍቅሬ፣ እኔ ነኝ፣ ጉልላት። አልበሙ ላይ ቤዝ የተጫወትክበት፣ በሰው እጅ የላክሁልህ ሒሳብ ደርሶሃል?» አለ።

ከወዲያ በኩል ያለው ሰው የሚለውን አዳመጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ለምን ታዲያ አልጠየቅከኝም… አይ፣ ተወው። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። የት ነው ያለኸው? አሁን ይዤልህ እመጣለሁ። ለሌላ ሰው አልሰጥም፤ በእጅህ ነው የምሰጥህ።»